እትዬ መጋረጃ በእግሯ ስትወጣ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መጋረጃ» ይላታል። ስም ሳይወጣላት ቀርቶ አይደለም፤ ሥራዋ ስሟን ዋጠው። ከኮረዳነቷ ጀምራ ሽበት እስክታወጣ ድረስ የሰፋችው መጋረጃ ብቻ ነው። ቀሚስ ይዘው መጥተው «እባክሽ ይቺን ጠበብ አድርጊልኝ» ቢሏት፣ «ሰው ዛሬ ይወፍራል፣ ነገ ይከሳል፤ ከዚያ ጥፋቱ የሰፊዋ ነው። መስኮት ግን አንዴ ከተለካ ተለካ፤ አይበላ፣ አይጠጣ!» ብላ ትሸኛቸዋለች።

የምትሠራው ከመኖሪያ ቤቷ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ጨርቁ በጥቅል በጥቅሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ጠረጴዛው ላይ መቀስና ሜትር ተጋድመዋል፣ መሀል ላይ ደግሞ በእግር የሚረገጠው አሮጌው የስፌት መኪና አለ። ጠዋት መኪናው ፊት ትቀመጣለች፤ ማታ ትነሳለች። የሚገርመው፣ ለከተማው መስኮት ሁሉ መጋረጃ የምትሰፋው ሴት የምትሠራበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ቀኑን የምትገፋው በአምፖል ነው። ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ደንበኛ ረጥቦ ሲገባ ነው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እሱም እንደሷ ተቀምጦ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ልዩነታቸው እሱ ተቀምጦ ከተማውን ሲዞር፣ እሷ ተቀምጣ እዚያው መቅረቷ ነው። ማታ እራት በልተው ከወንበር ሲነሱ ሁለቱም እኩል «እህህህ!» ይላሉ፤ እሱ በወፍራሙ፣ እሷ በቀጭኑ።

ልጃቸው «መዘምራኑ ተነሱ» ትላቸዋለች።

ይቺ ልጅ ነርስ ናት። ቤት ስትገባ ነጩን ጋውን ታወልቃለች እንጂ ነርስነቷን አታወልቅም። አንድ ቀን እናቷ ደረጃው መሀል ቆማ፣ ግድግዳ ተደግፋ ስታለከልክ አገኘቻት። ክንዷን ይዛ አስገባቻትና ሶፋው ላይ አስቀምጣ ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካች።

«እማዬ፣ ይሄ የደም ግፊት አይደለም፤ የደም ግፊያ ነው!»

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ አልተቆጣም። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እናቴ፣ መድኃኒቱን እሰጥዎታለሁ። ግን ሰውነትዎ መንቀሳቀስ አምሮታል። ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ትከሻዎን ያፍታቱ፣ በጊዜ ይተኙ» አላት። ያስፈራት ልስላሴው ነው። ሰው እንዲህ የሚያባብለው ወይ ሙሽራን ወይ ሊሰናበት የተቃረበን ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ሙሽራ አይደለችም።

እንግዲህ ጉዱ ተጀመረ። ልጅቷ በየማለዳው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዛ አልጋዋ አጠገብ ትቆማለች። እናት «ሆዴ ውስጥ ዓሣ ልታረቢ ነው?» እያለች፣ አፍንጫዋን ይዛ ትጠጣለች። ቀጥሎ ልጅቷ ግድግዳ ፊት ታቆማትና ሁለት እጇን ወደ ላይ እንድትዘረጋ ታዛታለች። አንድ ጠዋት ባሏ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ እጆቿን እንደ ሰቀለች አይቷት ክው አለ።

«ማን ማረከሽ?» አላት።

«ልጅህ!» አለችው፣ እጇን ሳታወርድ።

በእግር መሄዱማ ከሁሉም ባሰ። በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ሕንፃውን አንዴ ትዞርና፣ ፊቷን እንደ ክረምት ሰማይ አጥቁራ ትመለሳለች። መሬት መሬቱን እያየች ነው የምትዞረው። ምን አየሽ ቢሏት ጫማዬን ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ልጅቷ ይሄን ስታይ ሰዓት የሚመስል የእርምጃ መቁጠሪያ አምጥታ እጇ ላይ አሰረችላት። «ይሄ ይመሰክራል፤ ማታ ማታ አየዋለሁ» አለቻት። እትዬ መጋረጃ በዕድሜዋ ሰላይ እጇ ላይ ታስሮባት አያውቅም ነበርና ከፋት።

ሰላዩ ግን የዋህ ኖሯል። አንድ ቀን ስትሰፋ ማሰሪያው ስስ ሻሹን እየሳበ አስቸገራት። ፈታችና፣ እንዳይጠፋ ብላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰረችው። መኪናዋን ትረግጣለች፣ ትረግጣለች፤ ጠርዙን አጥፋ ልትሰፋ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ቁጥሩ ላይ አረፈ። ቁጥሩ ይሮጣል! መርገጫውን በረገጠች ቁጥር አንድ እርምጃ ይጨምርላታል። እግሯን አቆመች፤ ቆመ። ረገጠች፤ ሄደ። ግራ ቀኟን አየችና በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ መጋረጃ ወንበሯ ላይ እንደ ተቀመጠች አገር ለአገር ትዞር ጀመር።

ማታ ልጅቷ ቁጥሩን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እማዬ! ፈረስ እንኳ እንዲህ አይሄድም! የት የት ሄድሽ?»

«እ… ወዲያ ወዲህ» አለች እናት፣ እራቷን እያየች።

ባልየው ነገሩን የደረሰበት በሦስተኛው ቀን ነው። ምሳውን ሊወስድ ጎራ ሲል መቁጠሪያውን እግሯ ላይ አየው። የሸሚዙ ቁልፍ እስኪበጠስ ሳቀ፤ ላይናገር ግን ማለላት። መሐላው በረከትም መከራም ሆነበት። ልጅቷ ማታ ማታ «አባዬ፣ አንተስ እንደ እማዬ ብትሆን ምናለበት?» ስትለው፣ ሻይ ትን እያለው ወደ በረንዳ ይሮጣል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእትዬ መጋረጃ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ልጅቷ የእናቷን ጉብዝና በምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ አወራች። ነርሶቹ ሰሙ፤ ያ ለስላሳ ሐኪም ሰማ፤ ወረፋ የሚጠብቁ በሽተኞች ሰሙ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሰፈር ገባ። አንድ ከሰዓት የሥራ ክፍሏ በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆሙ። አንዷ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከትከሻዋ የሰፋ። ሌላዋ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ፀሐይም ሆነ ደመና ጃንጥላ ከእጇ የማይጠፋ።

«እትዬ፣ እኛም ሐኪም አዞብናል» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ግን ብቻችንን ስንሆን ስንፍናው ያሸንፈናል። ያንቺን ዝና ሰምተን ምሪን ልንልሽ መጣን።»

እትዬ መጋረጃ እግሯን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ሥር ደበቀች። «እኔ? ኧረ እኔ እኮ… ፍጥነቴ ያስቸግራችኋል።»

«እንደ ምንም ብለን እንከተልሻለን» አለች መምህርቷ በትሕትና። «ነገ ማለዳ በርሽ ላይ ነን።»

ዝናብ እንዲዘንብ ተመኘች። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጠርቶ አደረ።

ማለዳ ወጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጀልባ የሚያህል ነጭ ጫማ ገዝታለች፤ መምህርቷ ጃንጥላዋን ይዛለች። እትዬ መጋረጃ፣ ዝና ክፉ ነገር ነውና፣ ከፊት ቀድማ እንደ ወታደር ገሰገሰች። እስከ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ድረስ እንደዚያ ሄደች። ጥጉን ስትታጠፍ ግን ትንፋሿ ከዳት። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ገብታ ትደልቃለች። አሁን ብትቀመጥ ጉዷ ሊፈላ ነው። ምን ብዬ ልቁም እያለች ስትጨነቅ እጇ ሳታዝዘው ተነሳና ወደ ላይ አመለከተ።

«ቆዩ እስቲ! ያንን መስኮት እዩልኝ!»

ሁለቱ ቆመው አንጋጠጡ። እሷም የምታሳያቸው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ አብራ አንጋጠጠች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ግማሽ በተከፈተ መስኮት ውስጥ አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። የእጥፋቱን አያያዝ አየች። የታችኛውን ጠርዝ አየች። ትንፋሿ እንደገና ቆመ፤ የአሁኑ ግን የድካም አልነበረም።

«የኔ ነው!» አለች።

ያን ሁሉ ዓመት ስትሰፋ አንድም መጋረጃዋን ተሰቅሎ አይታ አታውቅም። ደንበኛ ልኬቱን ይዞ ይመጣል፣ የተሰፋውን አጣጥፋ ትሰጠዋለች፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ጨርቁ የት እንደ ገባ፣ ነፋስ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባበት አስባም አታውቅም። አሁን እዚያ ላይ ሆኖ፣ ሆዱን እየነፋና እየሸበሸበ፣ እንደ ሕያው ነገር ይተነፍሳል።

«የሙሽሪት ነው» አለች፣ ድምፅዋ እየጨመረ። «ሙሽሪት ቀይ አለች፣ አማቷ ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ አረንጓዴ ነው አሉ። እዚያው ፊቴ ተያይዘው ሊሟሟቱ! በመጨረሻ ምን አደረግሁ? ሁለቱንም ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ ሰፋሁት። ወደ ውጪ የአማትየው፣ ወደ ውስጥ የሷ።»

ይሄን ተናግራ ሳትጨርስ ነፋስ መጣና የመጋረጃውን ጫፍ ወደ ውጪ ገለበጠው። ደማቅ ቀይ ብልጭ አለ።

«ሙሽሪት አሸነፈች!» ብላ ጮኸች ዳቦ ጋጋሪዋ፤ ሳቋ ከግድግዳ ግድግዳ ተላጋ። ከሥር ቤት አንድ ሰው ብቅ ብሎ «ምን ተፈጠረ?» አለ። «አማትየው ተሸነፉ!» አለችው፣ ሰውየውም ምን እንደሆነ ሳይገባው ሳቀ።

ከዚያ ማን ያቁማት! ዓይኗን ከመሬት አንስታ መስኮት መስኮቱን እያየች ትሄዳለች። ያውና ከጋራዡ በላይ ያለው ጥቁሩ፤ የሌሊት ዘበኛው ነው፣ ቀን ነው የሚተኛው፤ «እትዬ፣ በቀትር ሌሊት ስፊልኝ» ብሎ ነበር የለመናት። ወዲያ ማዶ ደግሞ ነጩ ሻሽ፤ ጎረቤት ሳያያት ጎረቤትን ማየት የምትፈልግ ሴት ያሠራችው። አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገቡማ እትዬ መጋረጃ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የልጆች ክፍል መስኮት ነው። ጨርቁ ላይ የተሳሉ ቢጫ ወፎች ተደርድረዋል። ይሄን ጨርቅ ስትሰፋ ሐሳቧ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ፣ ወፎቹን ቁልቁል ዘቅዝቃ ነበር የሰፋቻቸው። ያወቀችው እናትየው ይዛው ከሄደች በኋላ ነው። ስንት ጊዜ «አሁን መጣች፣ አሁን ሰደበችኝ» ብላ ጠብቃለች! ሴትዮዋ አልመጣችም። አሁን ግን ወፎቹ ቀና ብለው ነው ያሉት። ደግማ ስታስተውል፣ እጥፋቱ ወደ ታች ወርዷል፣ ሰፊው ጠርዝ ወደ ላይ ወጥቷል።

«ገልብጣ ሰቀለችው!» አለች በሲቃ። «አንዲት ቃል ሳትናገረኝ፣ መጋረጃውን እግሩን ወደ ላይ አድርጋ ሰቀለችው! እኔ እዚያ እንቅልፍ አጥቼ!»

መምህርቷ፣ ያቺ ቀጥ ያለች መምህርት፣ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ተክላ እሱ ላይ ተንጠልጥላ ሳቀች። ዳቦ ጋጋሪዋ እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። ሦስት ትልልቅ ሴቶች ገና ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ ሰው ቤት ሥር ቆመው እንዲህ ሲንከተከቱ ያየ ጤናቸውን ሳይጠራጠር አይቀርም።

ሲመለሱ ነው ምን ያህል እንደሄዱ ያወቁት። መምህርቷ ወደ ኋላ ዞር ብላ መንገዱን በዓይኗ ለካችና፣ «ይሄን ያህል ተጉዤ አላውቅም። አሁን ገባኝ፤ እየቆምሽ የምታስኬጂን ሆን ብለሽ ነው። አንቺ መምህርት መሆን ነበረብሽ» አለቻት። እትዬ መጋረጃ ምን ትበል? «ልምድ ነው» አለች።

ቤቷ ስትገባ ጉንጯ ቀልቷል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ብቻዋን ትስቃለች። ባሏ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

«ሰካራም መስለሽ መጣሽ እኮ፤ ጠጥተሻል?»

«ገና ልጠጣ ነው!» አለችና ብርጭቆውን ሞልታ አንዴ ጨለጠችው። ቀዝቃዛው ውሃ ደረቷ ውስጥ ሲወርድ ተሰማት። ደግማ ቀዳች። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ውሃ ዛሬ ምን ጨመሩበት?»

ለልጇም የዚያኑ ዕለት ተናገረች። መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «ይሄ የእግሬ ሳይሆን የመኪናዬ ነው» ብላ ጀመረች። ልጅቷ ነገሩ እስኪገባት አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ከወንበሯ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። መሀል ላይ ድንገት አንድ ነገር ትዝ ብሏት ሳቋን ዋጠች።

«እማዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ! ሐኪሙ እኮ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ‹እንደ እትዬ መጋረጃ ሁኑ› እያለ ነው!»

«ታዲያ እሱ አልዋሸም፤ ከነገ ጀምሬ እንደ እትዬ መጋረጃ እሆናለሁ» አለች እናት።

ሆነችም። የእግር ጉዞው የማለዳ ጸሎት ያህል የማይታለፍ ሆነ፤ ጨዋታ ያለበት ጸሎት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን የኖረችበት ከተማ አዲስ አገር ሆነባት። አንዱን ቀን የላይኛውን መንገድ ይይዛሉ፣ ሌላውን ቀን የታችኛውን። መጋረጃ የሌለበት መስኮት ሲያዩ ዳቦ ጋጋሪዋ «ደንበኛ!» ብላ ትጠቁማለች።

ሌላውም ነገር አብሮ መልክ ለወጠ። ትከሻ ማፍታታቱን መጋረጃ እንደሚሰቅል ሰው አድርጋ ትሠራዋለች፤ አንጋጣ፣ በጣቷ ቆማ፣ ከፍ ያለው ብረት ላይ ቀለበት እንደምታስገባ እየተዘረጋች። ጀርባዋ ቋ ቋ ሲል «ተሰቀለ!» ትላለች። ባሏም ቆይቶ ቆይቶ አጠገቧ ቆሞ እጁን ይሰቅል ጀመር፤ «ማርከሽኝ ነው» ይላል። ውሃዋን የምትጠጣው መስኮቱ አጠገብ፣ ቤቱ ሳይነቃ፣ ቀስ እያለች ነው። በጊዜ ተኚ የሚላት ሰው አያስፈልጋትም፤ ነገ ሽርሽር እንዳለው ልጅ፣ ማለዳው ቶሎ እንዲመጣላት ስትል ራሷ ትተኛለች። የስፌት መኪናዋንም ከውስጥ ጎትታ በሩ ሥር አደረገችው። እየሰፋች መንገዱን ታያለች፤ በየመሀሉ ብድግ እያለች አላፊውን «ደህና አደራችሁ!» ትላለች።

አንድ ጠዋት መምህርቷ፣ «አሁንስ ለጤናሽ ብለሽ ነው የምትወጪው?» ብላ ጠየቀቻት።

አሰበች። «መጀመሪያ ለመዳን ነበር የወጣሁት። አሁን ግን ለመዳን መውጣቴን ረሳሁት። ብቀር የሚናፍቀኝ እኔው ራሴ ነኝ፤ ያቺ ጠዋት ጠዋት የማገኛት ሴት ትናፍቀኛለች።»

ላይኛው መንገድ ላይ ግን እየሳቁ የማያልፉት አንድ ቤት ነበር። ቡናማ፣ ወፍራም መጋረጃ የተሰቀለበት መሬት ቤት ነው፤ ሁልጊዜ ዝግ ነው። እትዬ መጋረጃ እዚያ ስትደርስ ጥቂት ትቆማለች። ያንን መጋረጃ የሰፋችው እናቷ በሞተችበት ሰሞን ነው። ያሠራችው ሴት «አትቸኩይ፣ የኔ እህት» ብላት፣ መሄድ ሲገባት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ጨርቁ ከባድ ነበርና ጫፉን ይዛላት ዋለች። ብዙም አላወሩ። እሷ ትሰፋለች፣ ሴትዮዋ ትይዛለች፤ የእትዬ መጋረጃ እንባ ጨርቁ ላይ ሲወርድ ሴትዮዋ ያላየች መስላ ጫፉን ታስተካክላለች።

ይሄን ለጓደኞቿ በነገረቻቸው ሰሞን፣ አንድ ማለዳ እዚያው ቆመው ሳለ መጋረጃው በኃይል ተገለጠ። አንድ ሽማግሌ በፒጃማ፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ መስኮቱን ከፈቱ።

«እናንተ ሴቶች! በየጠዋቱ ቤቴን የምታዩት ልትገዙት ነው ልትዘርፉት?»

ዳቦ ጋጋሪዋ እንኳ ከመምህርቷ ጃንጥላ ጀርባ ተሸሸገች። እትዬ መጋረጃ ወደፊት ራመድ አለች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይሄን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያሠራችኝ ሴት… ደህና ናት?»

ሽማግሌው መጋረጃውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ባለቤቴ ነበረች» አሉ። «ካረፈች ወዲህ አልገለጥኩትም። ምን አያለሁ ብዬ።»

«ጫፉን የያዘችልኝ እሷ ናት። ያን ቀን ሰው አጥቼ ነበር፤ አብራኝ ዋለች» አለች።

«እሷ እንደዚያ ነበረች» አሉ ሽማግሌው። አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደሚያፍር ሰው፣ «እውነቱን ልንገራችሁ። እዚህ ጥግ ስትደርሱ የምታወሩትን እሰማለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር አድርጌ እጠብቃችኋለሁ። የሙሽሪትን ሰምቻለሁ፣ የዘበኛውንም ሰምቻለሁ። የወፎቹ ነገር ግን ሳትጨርሱት አለፋችሁ። ምን ሆኑ? ጨነቀኝ እኮ!» አሉ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሳቋ አመለጣት። ነገሯቸው፤ ሽማግሌውም የመስኮቱን ደፍ እየደበደቡ ሳቁ። ሲበቃቸው «ቆዩኝ፣ ጫማዬን ላድርግ» አሉ። በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ሆኑ።

እሳቸው ደግሞ ለካ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው! እሷ መስኮቱን ታውቃለች፣ እሳቸው በሩን ያውቃሉ። እሷ «ይሄን ሐምራዊ የሰፋሁላት…» ስትል፣ እሳቸው «ውሻዋ ሱሪዬን የቀደደው!» ይላሉ። ሁለቱ ተደጋግፈው የሚተርኩት ነገር እንደ ተከታታይ ድራማ ሆነና፣ ሊሰማ የሚከተላቸው ሰው ጨመረ። የሽማግሌውም መጋረጃ በየማለዳው ተገልጦ፣ ቤቱ ፀሐይ ጠግቦ ይውላል።

ልጅቷ ግፊቷን የምትለካው አሁን እየሳቀች ነው። «ግፊያው ቀርቷል፤ ሰልፍ ይዞ እየሄደ ነው» አለቻት አንድ ቀን። መድኃኒቷን ሐኪሙ ቀነሰላት። ሐኪሙ ራሱ አንድ ሁለት ቀን አብሯቸው ሄዶ ነበር፤ ወሬው ጣፍጦት ሥራ አርፍዶ ገባ።

ባልየው ግን እስከዚያ ድረስ «እኔ ቀኑን ሙሉ ከተማ ዞሬ ነው የምመጣው» እያለ ይሸሽ ነበር። አንድ የዕረፍት ቀኑ ላይ ጎትተው አወጡት። የዚያን ቀን ዳገቱን ይዘው ከከተማው በላይ እስካለው የውሃ ታንከር ድረስ ወጡ። ሲደርስ ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ድንጋይ ላይ ተዘረጋ። ዞር ብሎ ቁልቁል ሲያይ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ከተማው ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱ ተነጥፏል፤ ገና የወጣችው ፀሐይ መስታወቶቹን አንድ በአንድ ታበራቸዋለች።

«በየቀኑ እነዳበታለሁ» አለ፣ «እንዲህ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።»

«መስታወትህ ኋላ ኋላህን ነዋ የሚያሳይህ!» አለችው አጠገቡ አረፍ ያለችው ሚስቱ፤ እጇን ሰጥታ አስነሳችው። ሁለቱም «እህ» ሳይሉ ተነሱ፤ ማንም ግን ልብ አላለው።

ቁልቁለቱ ላይ ነው ጉዱ የፈላው። ዳቦ ጋጋሪዋ ጥቂት እንደወረደች እግሯ አልታዘዝ አላት። «ያዙኝ! ያዙኝ!» እያለች ፈጠነች፤ እጇን ስትወረውር የመምህርቷን ክንድ ያዘች፤ መምህርቷ የሽማግሌውን ካፖርት፣ ሽማግሌው የባልየውን ቀበቶ፣ ባልየው የሚስቱን እጅ። እንደዚያው ተያይዘው ይወርዱ ጀመር። መጀመሪያ ፈርተው ጮኹ፤ ከዚያ ጩኸቱ መሀል ላይ ወደ ሳቅ ዞረ። እትዬ መጋረጃ ነፋሱ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሲያወርደው ታወቃት፤ ከልጅነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። እግሯ መሬቱን እየነካ አይመስላትም።

ከታች ጥግ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር በመስታወቱ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሲሮጡ አየና፣ ሊሳፈሩ የመሰለው የዋህ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። ተሳፋሪዎቹም ከመስኮት ብቅ ብቅ እያሉ «አይዟችሁ! ደረሳችሁ! በርቱ!» ይላሉ። ሯጮቹ ግን በተከፈተው በር አጠገብ ሽው ብለው አለፉ።

«እንዴ! አትሳፈሩም?» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

«አንሳፈርም!» አለች እትዬ መጋረጃ።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው የምትሮጡት?»

ልትመልስለት ዞረች። ምን እንደምትለው ፈለገች፣ አጣች፤ ማጣቷ ደግሞ ከሁሉ በላይ አሳቃት። «እንጃ!» አለችው፣ እጇን እያውለበለበች፣ ባሏን እየጎተተች፣ ሜዳው እግራቸውን እስኪያበርደው ድረስ ሮጠች።